ድሮ ርካሽ ነበር? የፎገራ ገበያ፣ ጨዋታና ወሬ ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.

«በጃንሆይ ጊዜ ሁሉም ርካሽ ነበር» ሲባል በወረታ ሻይ ቤትም ሆነ በቁሐር ሚካኤል ደጀ ሰላም ያልሰማ የለም። በስሙኒ ይህ ይገዛ ነበር፣ በአንድ ብር ያ ይሸመት ነበር ይባላል። ዋጋውን የሚናገሩት ሰዎች አይዋሹም። ነገር ግን ስሙኒዋ ራሷ ከየት ትመጣ እንደነበር ሳይነሳ ጨዋታው ያልቃል። ይህ ዳሰሳ ጠላት ጣሊያን ከወጣበት ከ1933 ዓ.ም. አንስቶ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ድረስ፣ በጣና ዳር በሚገኘው በበጌምድር የፎገራ ሜዳ ብርና ዕቃ፣ ጨዋታና ወሬ እንዴት ይገኙ እንደነበር ይቃኛል። ያ ዘመን አሜሪካ ከጦርነት ወጥታ የጠገበችበት፣ እጇም እስከ ርብና ጉማራ ወንዞች ዳር የደረሰበት ስለነበር የእነሱን ኑሮ እግረ መንገዴን አነሳለሁ። «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከገንዘቡ እንነሳ። ጠላት እንደወጣ በአገሩ ገበያ ብዙ ዓይነት ገንዘብ ይዘዋወር ነበር፤ ጠገራው ብር ነበረ፣ የጣሊያን ሊሬ ነበረ፣ እንግሊዞች ይዘውት የገቡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም ነበረ። የበጌምድር ገበሬ የሚያምነው ግን ጠገራውን ነው። ሲመታ ይጮሃል፣ በእጅ ሲመዘን ይከብዳል፣ ቢቀልጥ መስቀል ወይም ድሪ ይሆናል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። የመንግሥት ባንኩ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ የሚባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። ወረቀቱም የታተመው አሜሪካ ነው፤ አንበሳ ያለባቸውና «1936» የሚል የተጻፈባቸው ሳንቲሞችም ፊላዴልፊያ ከተማ ተመቱ። አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ስለተመነዘረ፣ 50 ሳንቲም «ሽልንግ» ተብሎ ቀረ። ዛሬም ትልልቅ ሰዎች እንዲሁ ይሉታል። ከዶላር ጋር ሲተያይ አንዱ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. 2 ብር ከ50 ሆነ። ለ20 ዓመት ያህል የምንዛሪው ለውጥ የ2 ሳንቲም ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

ብሩ በረጋበት በዚያ ዘመን ገበሬው ብርን የሚያየው በዓመት ጥቂት ቀን ነበር። በፎገራ ሜዳ ብር የሚገኘው በከብት፣ በቅቤ፣ በኑግና በሽምብራ ነው። ሩዝ ገና አልመጣም፤ እሱ በደርግ ዘመን የገባ ሰብል ነው። ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ጥቁርና ነጭ ቡሬ የሆነው፣ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ደግሞ በሜዳው ሣር ይደልባል። አንድ ወይፈን የሚሸጠው ግን ለሰርግ፣ ለተዝካር ወይም ለግብር ነው። በደቡቡ ክፍል መሬት በጋሻ ተለክቶ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ግብር ሲጣልበት፣ በጌምድር፣ ጎጃምና ትግሬ መሬታቸው ስላልተለካ በቀድሞው ልማድ በቁርጥ ይከፍሉ ነበር። በዚያ ላይ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት፣ በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር ተጨመረ። ገበሬው የከፈለበትን ደረሰኝ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል፤ ርስት ክርክር ላይ ሲወድቅ አባቱ ግብር ይከፍልበት እንደነበር የሚመሰክርለት ያ ወረቀት ነውና።

የቀረው ኑሮ ያለ ብር ይሄዳል። ጤፍ በቁና ተሰፍሮ በርበሬ ይመጣበታል፤ እህል በእንቅብ ተሞልቶ በሸክላ ሠሪዋ ማሰሮ ይለወጣል። ከጣና ዳር የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ከደንገል ይሠራል፣ ዓሣ ያወጣል፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባል። ቤት ሲሠራ፣ አዝመራ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ደመወዙ ጠላና እንጀራ ነው። ለዚህ ሁሉ ዋጋ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ዋጋው በብር ተተምኖ አያውቅምና።

አሁን አሜሪካን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአገሪቱ ሕግ የደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 75 ሳንቲም ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 1 ብር ከ86 ሳንቲም መሆኑ ነው። አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ 5 ሳንቲም፣ ለደብዳቤ የሚለጠፈው ቴምብር 3 ሳንቲም ነበር። እንግዲህ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚያገኘው ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ድካም 15 ጠርሙስ ይገዛል። የመካከለኛው ቤተሰብ የዓመት ገቢ ወደ 3,300 ዶላር ይጠጋል። እነሱም ዛሬ «ያኔ ርካሽ ነበር» ይላሉ፤ ለእነሱ አባባሉ ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ ዋጋው ባነሰበት ጊዜ ደመወዙ በየሳምንቱ እጃቸው ይገባ ነበር። ለፎገራው ገበሬ ግን ዋጋው ያነሰው ብሩ ስላልነበረ ነው። በአንድ ቃል «ርካሽ» የምንላቸው እነዚህ ሁለት ነገሮች ፈጽሞ አይገናኙም። ስለ ድሮ ዋጋ ስናወራ በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከሩቅ ከሚመጣው ዕቃ መጀመሪያ የሚነሳው አቡጀዲ ነው። አሜሪካ ወደ አገራችን የገባችው ከዲፕሎማት ይልቅ በጨርቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አፄ ምኒልክ ዘንድ ለንግድ ውል ሲመጣ፣ የአገሩ ሰው የሚለብሰው አቡጀዲ በብዛት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሥራ ነበር። በኋላ የጃፓን ጨርቅ ቦታውን ወሰደው። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ ሲከፈት ነው ከፎገራ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት አገር ውስጥ የተሸመነ ጣቃ መገኘት የጀመረው። ልብሱን የሚሰፋው ሲንጀር ነው። ገበያ በቆመ ቀን የልብስ ሰፊው መኪና ከዛፍ ጥላ ሥር ይዘረጋል፤ ያችን በእግር የምትረገጥ መኪና ያልሰፋችው የሰርግ ልብስ ጥቂት ነው። ላምባ በጣሳ ይሸጣል፣ ኩራዝ ከቆርቆሮ ይሠራል። ስኳር ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ገጠር የገባው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ቡናው በጨው ይጠጣ ነበር።

ዕቃውን የሚያመጣው መንገድ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ከጎንደር ወደ ደቡብ መንገድ አውጥቶ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካ መሐንዲሶች ምክር ተቋቋመ። ሰው በጭነት ላይ ተፈናጥጦ የሚሄድባቸው ትሬንታ ኳትሮ የሚባሉ የጭነት መኪናዎች ወረታን ማረፊያ አደረጓት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው የሚለያዩት እዚያ ነውና።

ስለዚያ ዘመን ኑሮ ሲወራ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፤ ወባ። የጣና ዙሪያ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በመስከረምና በጥቅምት ንዳዱ ይነሳል። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ ሜዳ የተነሳው ወረርሽኝ ሺዎችን ጨረሰ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካው የፖይንት ፎር ዕርዳታ፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ተሳትፎ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው እልቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወረርሽኙ ደጋማውን አገር ሁሉ አዳረሰ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ ነው የወባ ማጥፋት ሠራተኞች የዲዲቲ መርጫ በጀርባቸው አዝለው በየመንደሩ መዞር የጀመሩት። «ርካሽ ነበር» በሚባልበት ዘመን አንድ ገበሬ በንዳድ ተይዞ አዝመራው ሳይሰበሰብ ቢቀር ያንን ኪሳራ በየትኛው ሳንቲም እንቆጥረዋለን?

አሜሪካኖቹ ሌላም ሥራ ነበራቸው። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. መሐንዲሶቻቸው የዓባይን ተፋሰስ አጠኑ፤ መገጭን፣ ርብንና ጉማራን ለመስኖ የሚሆኑ ወንዞች ብለው በጥናታቸው አሰፈሩ። የርብ ግድብ ሥራ የተጀመረው ግን ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ወደ ጨዋታው ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ብር የሌለው ሰው ጨዋታ አልጎደለበትም። የፎገራ ዓመት በበዓላት የተቆረጠ ነው። በሰኔ ሚካኤል ዝናቡ ይገባል፣ በኅዳር ሚካኤል ውኃው ሸሽቶ መንገዱ ይደርቃል፤ የቁሐር ሚካኤል ታቦት በሚወጣባቸው በእነዚህ ክብረ በዓላት ወዳጅ ዘመድ ከሩቅ መንደር ይሰበሰባል። በቡሄ ሆያ ሆዬ ይጨፈራል፣ ጅራፍ ይጮሃል። በገና ጎረምሳው ጥንጓን ይመታል፣ በጥምቀት ፈረስ ያለው ጉግስ ይጫወታል። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ዳስ ይጣላል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይገባል። አዝማሪ እያጫወተ ያወድሳል፣ ይሰድባል፣ ከሌላ አገር የሰማውን በግጥም ያወርዳል። ቀረርቶና ፉከራም ገና ትኩስ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገቡ አርበኞች በሕይወት ነበሩና የሚፎክሩት የሆነውን ነው።

ከተማው ሌላ ነበር። በጎንደር ጣሊያን የሠራው ሲኒማ ቤት ፊልም ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ተጨመረ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ለጥላሁን ገሠሠ ድምፅ መድረክ ሆነ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ በራሱ ድርጅት ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የአዲስ አበባ ዘፈን ግራሞፎን ባለበት ጠጅ ቤት ሁሉ ገባ። ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ቢጀመርም የሚታየው በአዲስ አበባ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950 ከ100 ቤት 9 ያህሉ ቴሌቪዥን ነበረው፤ በ10 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 87 ደረሰ። በአንድ ትውልድ ጉልምስና መላው ሕዝብ ማታ ማታ ቤቱ ገብቶ ሳጥን ፊት ተቀመጠ። የእኛ ሰው ያኔ ከእሳት ዳር ተረትና እንቆቅልሽ ላይ ነበር፤ ይህን እንደ ጉድለት ለመቁጠር እቸገራለሁ።

ወሬ ለብቻው ዓለም ነው። አገር ገዢ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅበት አገር ነው የእኛ፤ የእረኛ ግጥም የሕዝብን ልብ እንደሚያሳይ ይታመን ነበር። ወሬ የሚገኘው ከቅዳሴ መልስ፣ በማኅበር ጠላ ላይ፣ በገበያ፣ ከነጋዴ አፍ ነው። አዋጅ ሲሆን ነጋሪት ይጎሰማል። ደብዳቤ የመጣለት ሰው ማንበብ የሚችል ደብተራ ወይም ተማሪ ይፈልጋል፤ ምስጢሩም ከአንባቢው ጋር ይቀራል። «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወጣ። ከወረታ በጎንደር መንገድ የምትገኘው የአዲስ ዘመን ከተማ ስሟ ከዚሁ ጋዜጣ ጋር አንድ ቢሆንም፣ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ጋዜጣውን የሚያየው ስኳር ተጠቅልሎበት ነው።

ይህን የለወጠው ትራንዚስተር ነው። በባትሪ የሚሠራው የኪስ ሬዲዮ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ዋጋው 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ በእኛ 124 ብር ገደማ። ያ ገንዘብ ለፎገራ ገበሬ የማይታሰብ ነበር። ሬዲዮ በገጠር የተሰማው ዋጋው ሲወድቅ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ላይ በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ተጨመረ። አንድ ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲከፍተው መንደሩ ሁሉ ይሰበሰባል።

አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ ልክ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሬዲዮ የነበራቸው ከተሞች በአዲሱ ዓመት መግቢያ ደስታቸውን አከበሩ፤ ገጠሩ ግን የሰማው በገበያ ቀን፣ ከመንገደኛ ነው። ከሦስት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በመንግሥቱና በገርማሜ ንዋይ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ የአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ ተሰማ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ስለዚህ በብዙ መንደር የመንግሥት መገልበጥና የንጉሡ መመለስ አንድ ላይ ተሰማ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ግን ወሬው ከጋዜጣም ከሬዲዮም ቀደመ። «መሬት ሊለካ ነው» የሚለው ቃል ከመንደር መንደር ሮጠ፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም አመፀ። ርስቱን የሚነካ ወሬ ገበሬው ዘንድ ሳይዘገይ ነበር የሚደርሰው።

የዚህ ሁሉ ማስረጃ በየቤቱ ሙዳይና በየስልቻው ታች አለ፤ የግብር ደረሰኝ፣ ፊላዴልፊያ የተመታ ሽልንግ፣ በደብተራ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ። አንባቢ ሆይ፣ አያትዎ በሕይወት ካሉ ወይፈኑ በስንት ብር እንደተሸጠ ብቻ አይጠይቋቸው፤ ያ ብር እጃቸው ከመግባቱ በፊት ስንት ወር እንደጠበቁና ምን ላይ እንዳዋሉትም ይጠይቁና በደረሰኙ ጀርባ ቀኑን ጨምረው ይጻፉት። ቤት ሲታደስ አሮጌ ወረቀት ለእሳት ይሰጣል፤ እባክዎ ያንን ደረሰኝ አያቃጥሉት።