ሳይቀልጥ የሚጓዝ ወርቅ

በመስታወት ላይ የተለበጠ፣ ውፍረቱ ጥቂት አሥር ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ሽፋን በጥቂት መቶ ዲግሪ ሙቀት ይበሳሳና ወደ ተበታተኑ እብጠቶች ይለወጣል። ወርቅ የሚቀልጠው ግን በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ታዲያ ሳይቀልጥ ቦታውን ምን አስለቀቀው? የገጹ አቶሞች የሚይዛቸው ጎረቤት ከውስጠኞቹ ያነሰ ስለሆነ፣ ጠጣሩ ጠጣር እንደሆነ እነሱ ይሄዳሉ። ይህን ጉዞ በስሌት መተንበይ ከሚገባው በታች የተወራለት ሙያ ነው።

ብዙ ሰው አቶሞቹ እንደ ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚወርዱ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። በዚህ መጠን ላይ የመሬት ስበት ቦታ የለውም፤ የሚገፋቸው የገጹ ጉብጠት ልዩነት ነው። ሹል ጫፍ ላይ ያለ አቶም በጥቂቶች ስለተያዘ ቶሎ ይለቃል፤ ስርጉድ ውስጥ የገባው በብዙዎች ስለተከበበ ይቀራል። ጉብጠቱ የትም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ቅርጹ አይለወጥም። እንዲያውም ገና በሚደራረብ ሽፋን ላይ ከደረጃው ጠርዝ መውረድ ለአቶሙ ተጨማሪ እንቅፋት አለው፤ ተመራማሪዎቹ ኤርሊክና ሽዎበል እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳዩት ይህን ነው። ሽፋኑ እየተከመረ ኮረብታ የሚያወጣውም ስለዚህ ነው።

የጉብጠቱን ነገር ወደ ቀመር የለወጠው አሜሪካዊው ዊልያም መሊንስ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1957። ከቀመሩ የምወደው አራተኛ ርቢውን ነው። ወጣ ገባ ገጽ ለጥ ለማለት የሚወስደው ጊዜ በጉብታዎቹ መካከል ካለው ርቀት አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው 16 እጥፍ፣ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው 10,000 እጥፍ ይሆናል። በአንድ ሰዓት የሚስተካከል ገጽ በአንድ ጊዜ ከዓመት በላይ የሚፈጅ ሆነ ማለት ነው። በናኖሜትር ርቀት የሚሮጠው ለውጥ በዓይን በሚታይ ጭረት ላይ የቆመ የሚመስለን ለዚህ ነው።



በዚህ ቀመር ከሚያሰሉ ሰዎች በየጥናት ውይይቱ የማየው አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ክሪስታል የሆነውን ሽፋን በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት የገጽ ኃይል እንዳለው ቆጥረው ያሰሉና፣ ምስሉ ስላማረ ብቻ ያምኑታል። በክሪስታል ሽፋን ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ማዕዘን አውጥቶ ሲሰፋ፣ የእነሱ ክብ ሆኖ ይቀራል። እባካችሁ፣ አቅጣጫውን አስገቡ። ጊዜን በቀጥታ ወደፊት በሚያራምድ ስልት የምታሰሉም፣ ገጹን ለስሌት የምትከፋፍሉበትን ፍርግርግ በግማሽ ባጠበባችሁ ቁጥር የጊዜ እርምጃችሁን ለ16 አካፍሉ፤ አለዚያ ስሌቱ ይፈነዳል።