ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለት መስመር መቼ ነው በእርግጥ ሁለት የሚሆነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚጓዝ የጭነት መኪና በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ሊመጣ ይችላል፤ ወይም በደሴ፣ በወልድያና በደብረ ታቦር። ሁለቱ መንገዶች ግን ወረታ ላይ ይገናኙና ዋናው አስፋልት በአዲስ ዘመን፣ በጣራ ገዳም ግርጌ አንድ ሆኖ ይቀጥላል። ዳታ ማዕከላትን የሚያገናኙ የፋይበር መስመሮችም እንዲሁ ናቸው፦ ሁለት ሆነው ተነሥተው በአንድ ቦይ ካለፉ፣ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል። ወደብ የሌላት ኢትዮጵያም ዓለም አቀፍ መስመሮቿን በጅቡቲ ብቻ ሳይሆን በሱዳንና በኬንያ በኩልም መዘርጋቷ ተገቢ ነው።

መስመሮቹ የተለያዩ ሲሆኑ ትራፊኩን የሚያከፋፍለው ራውተሩ ነው። የላኪና የተቀባይ አድራሻዎችንና የፖርት ቁጥሮችን ይዞ በሃሽ ስሌት አንድ ቁጥር ያወጣል፤ መስመሩን የሚመርጠውም በዚያ ቁጥር ነው። የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች ሁሉ ተመሳሳይ ቁጥር ስለሚሰጡ በአንድ መስመር ይሄዳሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም አይዛባም። ስሌቱ ግን ክብደት አያይም። ሌሊት የሚላክ ግዙፍ ባክአፕና አጭር መልእክት ለእሱ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ መስመር ተጨናንቆ ሌላው ባዶ ሊቀር ይችላል።

ጉግል ቢ4 በተባለው ኔትወርኩ ሁሉንም መስመሮች ባንድነት የሚያይ ማዕከላዊ ሶፍትዌር ተከለ፤ አስቸኳዩ ትራፊክ ይቀድማል፣ ባክአፑ ይጠብቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት በተለመደው አሠራር ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ የሚሠራበት የመስመር አቅም፣ በቢ4 በአማካይ ወደ 70 በመቶ ደርሷል።