ክብረ ወሰኑና ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ

በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር በፕሪሚየር ሊጉ 29 ግቦችን አስቆጥሮ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም በደደቢት ማሊያ ያስመዘገበውን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫው ግን ወደ ጎንደሩ ፋሲል ከነማ አመራ፤ የአንድ አጥቂ ግብ ብቻውን ቡድንን ለድል አያበቃምና።

በ2014 ዓ.ም ማብቂያ ተጫዋቹ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ክለቡ በቀጣዩ የውድድር ዘመን የሊጉ ሻምፒዮን ቢሆንም፣ ለአቡበከር መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በፊት መስመር እንደ ናሚቢያዊው ፒተር ሻሉሊሌ ያሉ ግብ አዳኞች ነበሩ፤ ጉዳትም ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው።

ፕሮፌሽናል ተጫዋች በአካሉ የሚያድር ባለሙያ ነው። በዘር ወቅት በሬው የታመመበት ገበሬ ወንፈል ይደርስለታል፤ የተጎዳ ተጫዋች ግን ቦታውን ሌላ ይይዝበታል። የጨዋታ ዘመኑም አጭር ነው።

በእንጅባራና በዳንግላ ሜዳዎች ኳስ የሚጫወቱ ታዳጊዎችና ወላጆቻቸው ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው፦ ጉዳትን ሳይደብቁ በጊዜ መታከም፣ ትምህርትን ከኳስ ጎን ለጎን ማስኬድ፣ ገቢ ሲገኝም ለነገ መቆጠብ።