ትከሻን የሚያጠበው ረሃብ አይደለም

የሴት ልብስ ለብሶ የሴት ቅርጽ እንዲኖረው የሚፈልግ ወንድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ምግብ ቀንሶ ጡንቻውን ማክሳት ነው። መንገዱ የተሳሳተ ይመስለኛል። የጃፓንን የካቡኪ ቴአትር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶች ከመድረክ ከታገዱ በኋላ የሴት ገጸ ባሕርያትን የመጫወቱ ሥራ «ኦናጋታ» ለሚባሉ ወንዶች ተላለፈ። እነሱ ትከሻቸውን የሚያሳንሱት በልምምድ ነው፦ ትከሻቸውን ከጀርባ በኩል ሰብስበው ቁልቁል ይጫኑታል፣ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው ያገጣጥማሉ፣ እርምጃቸውን ያሳጥራሉ። ከባድ ኪሞኖና ዊግ ተሸክሞ እንዲህ መቆየት ደግሞ ጠንካራ የጭንና የጀርባ ጡንቻ ይጠይቃል።

ኪሞኖ ገላን ስለሚሸፍን ነው እንጂ ክንድ በሚያሳይ ቀሚስ ይህ አይሠራም የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ነገር ግን ክብደት ማንሳት ያቆመ ሰው ክንዱ ሳይራብም በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። የትከሻን ስፋት በዋናነት የሚወስነው አጥንት ነው፤ እሱ ደግሞ በረሃብ አይጠብም። ራሱን ያስራበ ሰው አቅሙን ያጣል፤ የልብ ጡንቻም ከጉዳቱ አያመልጥም። ስለዚህ ወገቡ ጠበቅ፣ ከዳሌ በታች ሰፋ ያለ ቀሚስ ምረጡ፤ አቋማችሁን በመስተዋት ፊት ተለማመዱ፤ ምግባችሁን ግን አትቀንሱ።