ቀላል ወይስ መደበኛ? የአኩሪ አተር ወተት ሒሳብ

ጾም በገባ ቁጥር የላም ወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ የአኩሪ አተር ወተት ፈላጊው ግን ይጨምራል። ለሰላ ድንጋይ ነጋዴ ዕቃው የመንገድ ዕቃ ነው። አገሩ ደጋ፣ የገብስና የባቄላ ነው። አኩሪ አተር ግን ሞቃት ቦታ ይወዳል፤ እንደ መተከል ካሉ ቆላማ አካባቢዎች ይመጣል።

ስኳር ያልገባበት መደበኛ ወተት በ240 ሚሊ ሊትር 4 ግራም ያህል ስብና 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የቀላሉ ስብ በግማሽ ገደማ ያንሳል፤ ፕሮቲኑም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። አንዳንዱ የሚቀለው ውሃ ስለበዛበት ነው፤ ጣዕሙን ለመመለስ ስኳር የሚጨመርበትም አለ። ስለዚህ ገዢ ከዋጋው በፊት የካርቶኑን ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበታል።

ለመጠጥ ቀላሉ ይበቃል። ለሾርባ፣ ለኬክና ለማኪያቶ ግን ወፈር ያለው መደበኛው ይመረጣል። ሁለቱም ትኩስና ኮምጣጣ ቡና ላይ በአንዴ ከተገለበጡ ሊቋጠሩ ስለሚችሉ፣ ወተቱን ለብ አድርጎ ቀስ እያሉ መጨመር ይበጃል።

ሌላም አማራጭ አለ። 1 ኪሎ ፍሬ አሳድሮ ዘፍዝፎ፣ በ8 ሊትር ያህል ውሃ ፈጭቶና አጥልሎ በደንብ ማፍላት ይቻላል። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው ማፍላቱ አይታለፍም። ማቅለል የፈለገ ውሃ ይጨምርበታል። ቀላሉን በካርቶን ከአዲስ አበባ የሚያስጭን ግን ለውሃ ጭምር የመኪና ኪራይ ይከፍላል።