ተጨማሪ መረጃ፦ አዲስ ሜሞሪ ሳያስመድቡ ጽሑፍ ማቀናበር

በሲ ቋንቋ ቃልና ቁጥር አጣምሮ ጽሑፍ ለመሥራት የግድ ሜሞሪ የሚያስመድበውን ማሎክን መጥራት አያስፈልግም። መጠኑ የታወቀ የቻር አሬይ አዘጋጅቶ ከነመጠኑ ለኤስኤንፕሪንትኤፍ መስጠት ይበቃል። በሲ99 ደረጃ (1999 እ.ኤ.አ.) የጸደቀው ይህ ፈንክሽን ከቀዳሚው ኤስፕሪንትኤፍ በተለየ የተሰጠውን ወሰን አያልፍም፤ የመጨረሻዋንም ባይት ለማብቂያው ዜሮ ያስቀራል። የሚመልሰው ቁጥር ግን የጻፈው ሳይሆን፣ ቦታ ቢበቃው ኖሮ ይጽፈው የነበረው ርዝመት ነው (ጀማሪ በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)። ቁጥሩ ከአሬዩ መጠን ጋር እኩል ወይም በላይ ከሆነ ጽሑፉ ተቆርጧል ማለት ነው።

በአማርኛ ሲሆን ጣጣው ይበዛል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» 9 ባይት ይሆናል። ፈንክሽኑ 8 ባይት ብቻ ከተሰጠው «ሰላ» ሙሉ ይገባል፤ ከ«ም» ግን አንድ ባይት ብቻ ገብቶ ስክሪኑ ላይ የተበላሸ ምልክት ይወጣል።