ባሕር የሌላቸው ደሴቶች፦ ከጳውሎስ በላይ ያሉ ደኖችና የደሴት ሳይንስ

ስለ ሐሩራማ ደሴቶች ብዝኃ ሕይወት በሚሰጥ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ቻርልስ ዳርዊን በ1835 እ.ኤ.አ. የጎበኛቸው የጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ወይም ዶዶ የተባለው መብረር የማይችል ወፍ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከምድር የጠፋባት ሞሪሸስ ናቸው። ምሳሌዎቹ ትክክለኛ ቢሆኑም፣ በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በጳውሎስ አካባቢ ለሚማርና ባሕር አይቶ ለማያውቅ ልጅ፣ ጉዳዩን ከእርሱ ኑሮ ጋር የማይገናኝ የሩቅ አገር ወሬ ያደርጉበታል። በሥነ ሕይወት ግን ደሴት የሚባለው በውኃ የተከበበ መሬት ብቻ ሳይሆን፣ ለአንድ ፍጥረት የሚስማማና ዙሪያውን በማይስማማው ነገር የተከበበ ማንኛውም ቦታ ነው፤ በዚህ ትርጉም ከጳውሎስ ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ የሚያይ ተማሪ ደሴቶችን ያያል።

ይህን አስተሳሰብ በሥርዓት ያስቀመጡት ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በአንድ ደሴት የሚኖሩት የዝርያዎች ብዛት በሁለት ነገሮች ሚዛን እንደሚወሰን አስረድተዋል፤ እነርሱም ከውጭ የሚመጡ አዳዲስ ዝርያዎችና ከደሴቱ የሚጠፉ ነባር ዝርያዎች ናቸው። ደሴቱ ከዋናው ምድር በራቀ ቁጥር መጪው ይቀንሳል፤ በጠበበ ቁጥር ደግሞ በውስጡ የሚኖረው የእያንዳንዱ ዝርያ ቁጥር አነስተኛ ስለሚሆን፣ አንድ ድርቅ ወይም አንድ በሽታ ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ዊልሰንና ተማሪው ዳንኤል ሲምበርሎፍ ሐሳቡን ለመፈተን በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ያሉ ጥቃቅን የማንግሮቭ ደሴቶችን በድንኳን ሸፍነው ነፍሳቱን በመርዛማ ጋዝ ካጠፉ በኋላ፣ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ የዝርያዎቹ ብዛት ወደ ቀድሞው ተቃርቦ እንደተመለሰ፣ ሆኖም የተመለሱት ዝርያዎች የቀድሞዎቹ ብቻ እንዳልነበሩ አረጋግጠዋል።

በእንጦጦ ተራራ ላይ የዚህ ሳይንስ ምስክር ራሱ ደኑ ነው። ቀድሞ ተራራውን ይሸፍን የነበረው የጽድና የወይራ ደን በማገዶና በቤት መሥሪያ ፍላጎት ተመናምኖ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳነ ዛፍ በመሆኑ በጅምላ ሊወገዝ አይገባውም፤ ይሁን እንጂ የተረፉት የአገር በቀል ዛፎች ቁራጮች በእርሱና በከተማው ተከበው ተለያይተዋል። ከጳውሎስ ብዙ ሳይርቅ ከ700 ሄክታር በላይ ይዞ የሚገኘውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማ አስተዳደሩ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ከእነዚህ ደሴቶች አንዱ ነው።

የደሴት ጠባብነት በተለይ በጽድና በኮሶ ላይ ምን እንደሚያስከትል ማየት ይጠቅማል። በእነዚህ ዛፎች ዘንድ ወንዴውና ሴቴው በተለያዩ ዛፎች ላይ ይገኛሉ፤ ፍሬ የምታፈራው ሴቴዋ ብቻ ስትሆን፣ የወንዴው የአበባ ብናኝ በነፋስ ካልደረሳት ትመክናለች። ስለዚህ በአንድ ጥግ አሥር ጽድ ስለቆመ ብቻ ደኑ ራሱን ይተካል ማለት አይቻልም፤ አሥሩም ወንዴ ከሆኑ ግንዳቸው የቱንም ያህል ቢወፍር የዚያ ቁራጭ ደን ዕድሜ በእነርሱ ያበቃል።

የሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። በእርሻና በግጦሽ መካከል እንደ አረንጓዴ ነጥብ ተበትነው የሚታዩትን የደቡብ ጎንደር ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀብሮ እንደማይቆይ፣ ከብት በማይገባበት ቦታ ደግሞ ችግኞች በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅሉና እንደሚጸድቁ አሳይተዋል። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ከባድ ነው፤ እናት ዛፎቹ አንድ ጊዜ ከተቆረጡ ከአፈር ውስጥ ተነሥቶ የሚተካቸው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ ከብት እንዳይገባ ምእመናኑ የሠሩት የድንጋይ ካብ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ የሚበልጠውም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ በውኃ የተከበቡ ደሴቶችም አሏት፤ የጣና ገዳማት ደኖች ለዚህ ይጠቀሳሉ። ጣና ራሱም በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምክንያት ከታችኛው ወንዝ በመለያየቱ ለዓሦቹ ደሴት ሆኖ፣ ከአሥር በላይ የሚሆኑ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ላቤዮባርበስ የተባለ የዓሣ ወገን ዝርያዎችን አፍርቷል። እንዲሁም በባሌ ተራሮች ጫፍ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በሞቃታማው ቆላ የተከበበ ደሴተኛ ሲሆን፣ ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ጎድቶታል።

የጳውሎስ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ይህን ሁሉ ለማስተማር ቤተ ሙከራ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ከክረምቱ ማግሥት አንድ ክፍል ተማሪ አስፈቅዶ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወይም ደን ወዳለው የቅርብ ቤተ ክርስቲያን ቢወሰድ፣ በሲባጎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ እየከለለ በሴቴ ጽድ ሥር፣ በባሕር ዛፍ ሥርና በደኑ ጠርዝ የበቀሉትን ችግኞች ሊቆጥር ይችላል። የጽድ ችግኝ ቅጠል እንደ ትልቁ ዛፍ ቅርፊት መሰል ሳይሆን እንደ መርፌ የሾለ በመሆኑ፣ በእጅ ሲነካ ስለሚዋጋ ከሌላው በቀላሉ ይለያል፤ ሴቴዋ ዛፍም ሰማያዊ ጥቁር በሆኑት ጥቃቅን ፍሬዎቿ ትታወቃለች። የአንድ ቀን ቆጠራ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ መምህራን መዝገቡን በትምህርት ቤቱ ቢያኖሩትና በየዓመቱ የሚመጣው ክፍል እነዚያኑ ቦታዎች ደግሞ ቢቆጥር፣ ደኑ ራሱን እየተካ ወይም እያረጀ መሆኑን ተማሪዎቹ በገዛ መረጃቸው ያውቃሉ፤ ርእሳነ መምህራንም ለዚህ ሥራ በዓመት አንድ ቀን እንዲመድቡ ይጠየቃሉ።